አንድ ስም የተሰጣቸው የተለያዩ ሕክምናዎች፦ ከመቅኔ የሚወጡ በሽታ ተከላካይ ሕዋሳት ካንሰርን እንዴት ይዋጋሉ?

አንድ የካንሰር ታካሚ ከመቅኔ በተወሰዱ ሕዋሳት ታክሞ ዳነ የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር፣ እርስ በርሳቸው የማይመሳሰሉ ሕክምናዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ይደመጣል። አንዱ ስለ መቅኔ ንቅለ ተከላ ይናገራል፤ ሌላው «ስቴም ሴል» በሚል መጠሪያ ከጉልበት ሕመም እስከ ካንሰር ለሁሉም ይሆናል ተብሎ ስለሚሸጥ መርፌ ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ደግሞ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ስለሚጠየቅበት «ካር-ቲ» ስለተባለ ሕክምና ሰምቶ ለታመመ ዘመዱ የት እንደሚገኝ ያፈላልጋል። ሁሉም ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩ ይመስላቸዋል።

የዚህ መደባለቅ ዋጋ ከባድ ነው። ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ወይም ከወዳጅ ዘመድ ገንዘብ አሰባስቦ፣ ለሕመምተኛው የካንሰር ዓይነት ምንም ማስረጃ ወደሌለው ሕክምና ይጓዛል። ለአሥርተ ዓመታት የተፈተነና ሊያድን የሚችል ሕክምና እያለ ሳይጠየቅ የሚቀርበት ጊዜም አለ። ስለዚህ ከመቅኔ ጋር የተያያዙት ሕክምናዎች አንድ በአንድ ሊለዩና እያንዳንዱ በምን ማስረጃ ላይ እንደቆመ ሊታወቅ ይገባል። ሕዋሱ የማን ነው፣ ከወጣ በኋላ ምን ተደረገበት፣ የታከመውስ የትኛው ካንሰር ነው የሚሉት ሦስት ጥያቄዎች ካልተመለሱ፣ ስለነዚህ ሕክምናዎች የሚነገር ተስፋም ሆነ ስጋት መሠረት አይኖረውም።

መቅኔ ደም ከማምረት ያለፈ ሥራ አለው

በዳሌ፣ በደረት፣ በአከርካሪና በሌሎችም አጥንቶች ውስጥ የሚገኘው ቀይ መቅኔ በየቀኑ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ የደም ሕዋሳትን ያመርታል። የሁሉም ምንጭ ስቴም ሴል ወይም ግንድ ሕዋስ የሚባለው ነው። ይህ ሕዋስ ራሱን እየተካ፣ ኦክስጅን የሚያጓጉዙትን ቀይ የደም ሕዋሳት፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርጉትን ፕላትሌቶችና በሽታን የሚከላከሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያስገኛል። ከነጮቹ መካከል ለያዝነው ጉዳይ ዋነኞቹ፣ ሊምፎሳይት ከሚባሉት ወገን የሆኑት ቲ-ሴሎች ናቸው። የቲ-ሴል መነሻው መቅኔ ሲሆን፣ የሚበስለው ግን ከልብ በላይ በደረት ውስጥ በሚገኘው ታይመስ በተባለ ዕጢ ነው። ከዚያ በኋላ በሰውነት ውስጥ እየተዘዋወረ፣ በቫይረስ የተያዘን ወይም ወደ ካንሰርነት የተለወጠን ሕዋስ በላዩ ላይ በሚታዩ የፕሮቲን ቁርጥራጮች ለይቶ ይገድላል። ቲ-ሴሉ ጠላቱን የሚለይበት ይህ ምልክት አንቲጅን ይባላል።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው፣ ቲ-ሴሎች ውጊያቸውን ከጨረሱ በኋላ የት እንደሚሄዱ ነው። ከመካከላቸው አንድን ጠላት አንዴ ያወቁና ረጅም ዕድሜ ያላቸው፣ «የማስታወስ ቲ-ሴሎች» የሚባሉ አሉ። እነዚህ ሕዋሳት በብዛት ተመልሰው ከሚሰፍሩባቸው ቦታዎች አንዱ መቅኔ ነው፤ በዚያም እንደ ኢንተርሉኪን-7 እና ኢንተርሉኪን-15 ያሉ፣ በሕይወት የሚያቆዩአቸውን ንጥረ ነገሮች ያገኛሉ። መቅኔ ስለዚህ አዲስ ደም የሚሠሩ ግንድ ሕዋሳትም፣ ያለፈን ውጊያ የሚያስታውሱ ተከላካዮችም በአንድነት የሚኖሩበት ቦታ ነው። የካንሰር ሕክምና የጀመረው በግንድ ሕዋሳቱ ሲሆን፣ የተከላካዮቹ ድርሻ የታወቀው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

ንቅለ ተከላ ለምን እንደሚያድን ዘግይቶ ታወቀ

አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስና ባልደረቦቹ በሰው ላይ ያደረጓቸውን የመጀመሪያ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ሙከራዎች ውጤት እ.ኤ.አ. በ1957 ሲያሳትሙ፣ ሐሳባቸው ግልጽ ነበር። ከፍተኛ መጠን ያለው ጨረርና ኬሞቴራፒ የደም ካንሰርን ይገድላል፤ ነገር ግን መቅኔውንም አብሮ ያጠፋል፤ ስለዚህ ከጤናማ ሰው የተወሰደ መቅኔ በደም ሥር ተሰጥቶ የጠፋውን ይተካል። በዚህ አመለካከት ካንሰሩን የሚገድሉት ጨረሩና መድኃኒቱ ናቸው፤ የመቅኔው ሥራ ሕመምተኛውን ከሕክምናው ጉዳት መታደግ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች በሕይወት አልቆዩም። ቶማስ ግን ሥራውን በሲያትል ለአሥርተ ዓመታት ቀጥለው በ1990 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በዚያው ዓመት የታተመ፣ ከ2,200 በላይ ታካሚዎችን የተመለከተ ዓለም አቀፍ ጥናት ይህ አመለካከት ሙሉ እንዳልነበረ አሳየ። ካንሰሩን የሚገድለው ኬሞቴራፒውና ጨረሩ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ለጋሹ ማንም ይሁን ማን በሽታው የማገርሸት ዕድሉ ተመሳሳይ በሆነ ነበር። የተገኘው ግን ሌላ ነው። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆነ መንታ መቅኔ የተቀበሉ ሰዎች፣ ከዚያ የተሻለ ለጋሽ የለም ሊባል ሲችል፣ መንታ ካልሆነ ወንድም ወይም እህት ከተቀበሉት ይልቅ በሽታው ብዙ ጊዜ ተመለሰባቸው። ቲ-ሴሎቹ ተለይተው ከወጡለት በኋላ መቅኔው የተሰጣቸውም እንዲሁ አገረሸባቸው። በተቃራኒው፣ የለጋሹ ሕዋሳት ቆዳቸውን፣ አንጀታቸውንና ጉበታቸውን እስከማጥቃት በደረሱባቸው ታካሚዎች ዘንድ ካንሰሩ የመመለሱ ዕድል ዝቅተኛ ነበር። በትንሹም ቢሆን ከተቀባዩ የሚለይ ተከላካይ ሕዋስ፣ ከኬሞቴራፒ የተረፈውን ካንሰር እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋዋል ማለት ነው። ሐኪሞች ይህንን «ግራፍት ቨርሰስ ሉኪሚያ» ይሉታል፤ የተተከሉት ሕዋሳት ሉኪሚያን፣ ማለትም የነጭ የደም ሕዋሳትን ካንሰር፣ ማጥቃታቸው ነው።

ቀጥተኛው ፈተና የመጣው ከጀርመን ነው። ሃንስ-ዮኬም ኮልብና ባልደረቦቻቸው በሙኒክ፣ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ከንቅለ ተከላ በኋላ ላገረሸባቸው ሦስት ሰዎች ሌላ ኬሞቴራፒ ከመስጠት ይልቅ፣ ከቀድሞ ለጋሾቻቸው ደም የተወሰዱ ነጭ ሕዋሳትን ኢንተርፌሮን ከተባለው መድኃኒት ጋር ሰጡ። ሉኪሚያው ጠፋ። የ1990ው ሪፖርት በታካሚዎቹ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ያረጋገጠው ነገር ትልቅ ነበር፦ ሕያው ተከላካይ ሕዋስ ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። «የለጋሽ ሊምፎሳይት» የሚባለው ይህ ሕክምና በዚያ የሉኪሚያ ዓይነት ከግማሽ በላይ በሆኑ ታካሚዎች ላይ ውጤት ሲሰጥ፣ በፍጥነት በሚያድገው አጣዳፊ ሉኪሚያ ላይ ግን ውጤቱ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

እዚህ ላይ መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። የለጋሽ ሕዋሳት ከሁሉ በላይ የተሳካላቸው በዚሁ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ ላይ ነበር፤ ነገር ግን ከ2001 ጀምሮ ኢማቲኒብ የተባለው በአፍ የሚወሰድ እንክብል ስለተገኘ፣ ዛሬ አብዛኞቹ የዚህ በሽታ ታካሚዎች ንቅለ ተከላ አያስፈልጋቸውም። በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም ይኸው መድኃኒት በዓለም አቀፍ የልገሳ መርሐ ግብር አማካይነት ለታካሚዎች ሲሰጥ ቆይቷል። «የደም ካንሰር» ሲባል ሁሉም መቅኔ የሚያስፈልገው የሚመስለው ሰው ይህን ቢያውቅ መልካም ነው፤ ትክክለኛው የምርመራ ውጤት አንዳንድ ጊዜ ከውድ ጉዞ ያድናል።

የለጋሽ ሕዋስ አደጋና የተስማሚ ለጋሽ እጥረት

የለጋሹ ቲ-ሴሎች ካንሰሩን የሚለዩት እንደ ባዕድ አይተውት ስለሆነ፣ ጤናማውንም የተቀባይ አካል በዚያው ዓይን ሊያዩት ይችላሉ። ይህ ችግር «ግራፍት ቨርሰስ ሆስት» ይባላል። ሽፍታ፣ ከባድ ተቅማጥና የጉበት ጉዳት ከማስከተሉም በላይ፣ በአንዳንዶች ላይ ሞት ያደርሳል፤ በሌሎች ላይ ደግሞ ዓይንን፣ ሳንባንና መገጣጠሚያዎችን ለዓመታት የሚያውክ ሥር የሰደደ ሕመም ይሆናል። አደጋውን ለመቀነስ የለጋሹና የተቀባዩ ኤችኤልኤ መመሳሰል አለበት። ኤችኤልኤ በሕዋሳት ላይ የሚገኝና ተከላካይ ሥርዓቱ የራሱን ከባዕድ የሚለይበት የፕሮቲን መለያ ነው፤ ግማሹ ከአባት ግማሹ ከእናት ስለሚወረስ፣ አንድ ወንድም ወይም እህት ሙሉ በሙሉ የመስማማት ዕድሉ 25 በመቶ ነው።

ከቤተሰብ ካልተገኘ ፍለጋው ወደ በጎ ፈቃደኞች መዝገብ ይሄዳል፤ በዚህ ላይ ደግሞ የትውልድ ሐረግ ወሳኝ ነው። በ2014 የታተመ የአሜሪካ መዝገብ ጥናት፣ የአውሮፓ ዝርያ ላላቸው ነጭ አሜሪካውያን ሙሉ ተስማሚ ለጋሽ የማግኘት ዕድል 75 በመቶ ሲሆን፣ ለልዩ ልዩ ጥቁር አሜሪካውያን ግን ከ16 እስከ 19 በመቶ ብቻ መሆኑን አመልክቷል። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች ተደራርበው ይገኛሉ። በመዝገቡ የሚገኙት ጥቁር ለጋሾች ጥቂቶች ናቸው፤ የአፍሪካ ዝርያ ያላቸው ሰዎች የዘረ መል ብዝኃነትም በዓለም ከፍተኛው ስለሆነ አንዱ ከሌላው ጋር የመገጣጠም ዕድሉ ጠባብ ነው። በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች ለሚኖረው ኢትዮጵያዊ ማኅበረሰብ ጉዳዩ ቅርብ ነው፤ ለአንድ ኢትዮጵያዊ ታካሚ ሊስማማ የሚችል ለጋሽ በይበልጥ የሚገኘው ከራሱ ሕዝብ መካከል ነው፤ ምዝገባውም ጉንጭን በትንሽ ጥጥ ከመጥረግ ያለፈ ነገር አይጠይቅም።

ባለፉት ሁለት አሥርተ ዓመታት ይህንን እጥረት በእጅጉ ያቃለለ ዘዴ ተገኝቷል። በባልቲሞር የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ያዳበሩት ይህ ዘዴ፣ በግማሽ ብቻ ከሚስማማ ሰው፣ ማለትም ከእናት፣ ከአባት ወይም ከልጅ፣ ንቅለ ተከላ ከተደረገ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለውን መድኃኒት መስጠት ነው። መድኃኒቱ በተቀባዩ ላይ የተቆጡትንና በፍጥነት የሚባዙትን ቲ-ሴሎች በይበልጥ ይመታል፤ ግንድ ሕዋሳቱ ግን ይተርፋሉ። ሳይክሎፎስፋማይድ ርካሽና አሮጌ መድኃኒት ነው። ለድሃ አገሮች ትርጉም ያለው እድገት ሁልጊዜ ከውድ ቴክኖሎጂ እንደማይመጣ ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

የታካሚው የራሱ የመቅኔ ቲ-ሴሎች

እስካሁን የተነገረው ስለ ለጋሽ ሕዋስ ነው። በቅርብ ዓመታት ዜና የሚሆነው ግን ሌላ ሐሳብ ነው፦ የታካሚው የራሱ መቅኔ ካንሰሩን የሚያውቁ ቲ-ሴሎች ካሉት፣ እነሱን አውጥቶ፣ አብዝቶና አነቃቅቶ መመለስ። በዚህ መልክ የሚሰጡት ሕዋሳት «ወደ መቅኔ የሰረጉ ሊምፎሳይቶች» ይባላሉ።

ሐሳቡ በተፈጥሮ የተስማማው መልቲፕል ማይሎማ ለተባለው ካንሰር ነው። ይህ በሽታ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች በመቅኔ ውስጥ ያለ ልክ ሲባዙ የሚከሰት ሲሆን፣ አጥንትን ያሳሳል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ የደም ማነስ ያስከትላል። ካንሰሩ መቅኔ ውስጥ ስለሚኖር፣ በዚያ የሚገኙት ቲ-ሴሎች ከጠላታቸው ጋር ጎን ለጎን የቆዩ ናቸው፤ በደም ውስጥ ከሚዘዋወሩት ይልቅ እሱን የማወቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው። ታዲያ ካወቁት ለምን አላጠፉትም? ቲ-ሴል ለረጅም ጊዜ ከአንድ ጠላት ጋር ሲጋጠም ይደክማል፤ ካንሰሩም በዙሪያው ተከላካዮችን የሚያፍኑ ኬሚካሎችንና ረዳት ሕዋሳትን ይሰበስባል። የሕክምናው መሠረታዊ ግምት፣ ሕዋሱ ከዚህ ከሚያፍነው አካባቢ ወጥቶ በቤተ ሙከራ ቢነቃቃ፣ ካንሰሩ በኬሞቴራፒ ከሳሳ በኋላም ቢመለስ የተሻለ ይዋጋል የሚል ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ታካሚው ማደንዘዣ ተሰጥቶት ከዳሌ አጥንቱ መቅኔ ይቀዳል። ቲ-ሴሎቹ በላያቸው ላይ የሚገኙትን የማነቃቂያ ተቀባዮች በሚነኩ ጥቃቅን ዶቃዎችና ኢንተርሉኪን-2 በተባለ ንጥረ ነገር አማካይነት እንዲነቁና እንዲባዙ ይደረጋል። ከዚያ ታካሚው ሜልፋላን የተባለውን ኬሞቴራፒ በከፍተኛ መጠን ይወስዳል፤ አስቀድሞ የተሰበሰቡለት የራሱ ግንድ ሕዋሳት ይመለሱለታል፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ የነቁት ቲ-ሴሎች በደም ሥር ይሰጡታል። የዘረ መል ለውጥ አይደረግባቸውም።

ኢቫን ቦሬሎና ባልደረቦቻቸው በጆንስ ሆፕኪንስ ያካሄዱት የመጀመሪያው የሰው ሙከራ ውጤት በ2015 ታተመ። ሕዋሳቱ ከተሰጧቸው 22 ታካሚዎች መካከል 27 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው ሙሉ በሙሉ ከምርመራ ጠፋ፤ በሌሎች 27 በመቶ ላይ በከፊል ቀነሰ። ካንሰራቸው በ90 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው ሰባት ሰዎች በሽታው ሳይባባስ በአማካይ 25.1 ወራት ሲቆዩ፣ በቀሩት ላይ ይኸው ጊዜ 11.8 ወራት ነበር። ከሕዋሳቱ የመጣ ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት አልታየም። የተሰጡት ሕዋሳት ማይሎማን ለይተው የማጥቃት ብቃታቸው ከፍ ያለ በሆነባቸው ታካሚዎች ላይ ውጤቱም የተሻለ ሆኖ መታየቱ ደግሞ ግምቱን የሚያጠናክር ነው።

ይህን ቁጥር በተስፋ ብቻ ማንበብ ስሕተት ነው። ታካሚዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ሁሉም ቲ-ሴሎቹን ከሜልፋላንና ከግንድ ሕዋስ ጋር ነው የወሰዱት፤ ሜልፋላን ብቻውን ደግሞ በብዙ የማይሎማ ታካሚዎች ላይ በሽታውን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። ቲ-ሴሎቹን ሳይወስድ ሌላውን ሁሉ የወሰደ፣ በዕጣ የተመደበ አነጻጻሪ ቡድን በሌለበት ሁኔታ የትኛው ውጤት ከየትኛው ሕክምና እንደመጣ መለየት አይቻልም። ጥሩ ምላሽ ያገኙት ረዘም ያለ ጊዜ መቆየታቸውም በራሱ ሕዋሱ ሠራ ማለት አይደለም፤ በሽታቸው ከመጀመሪያውም ለዘብ ያለ ሊሆን ይችላል። የዚህ ዓይነት የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ዋና ዓላማ ሕክምናው ሊሠራ የሚችልና ጉዳቱ የሚቻል መሆኑን ማሳየት ነው፤ ያንን አሳይቷል። «ፈውስ ተገኘ» ያለው ሙከራው አይደለም፤ አርዕስቱን የጻፈው ሰው ነው።

ሐሳቡ ከደም ካንሰር ውጭ ይሠራ እንደሆነም ተጠይቋል። በ2001 የጀርመን ተመራማሪዎች ከጡት ካንሰር ታካሚዎች መቅኔ የወሰዷቸው የማስታወስ ቲ-ሴሎች፣ ዳግም ከተነቃቁ በኋላ የሰው ዕጢ የተተከለባቸው አይጦች ላይ ዕጢውን መዋጋት እንደቻሉ አሳይተዋል። በጡት ውስጥ የበቀለን ዕጢ የሚያውቁ ተከላካዮች በአጥንት ውስጥ መገኘታቸው መቅኔ የተከላካይ ሥርዓቱ የማስታወሻ ስፍራ ነው የሚለውን ያጠናክራል። ይሁን እንጂ ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ዛሬ ለጡት ካንሰር መደበኛ ሕክምና የሆነ ከመቅኔ የሚወጣ ቲ-ሴል የለም።

ከካር-ቲ ጋር ያለው ልዩነት

በካር-ቲ ሕክምና ቲ-ሴሎቹ የሚወሰዱት ከመቅኔ ሳይሆን ከደም ነው። በቤተ ሙከራ ውስጥ የዘረ መል መመሪያ ይገባባቸውና አንድ የተመረጠ ምልክት የሚለይ ሰው ሠራሽ ተቀባይ በላያቸው ላይ ያበቅላሉ። የመጀመሪያው ፈቃድ በአሜሪካ በነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ለሕፃናትና ለወጣቶች አጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ሉኪሚያ ተሰጠ፤ የመድኃኒቱ ብቻ ዋጋ በወቅቱ 475 ሺህ ዶላር ነበር። ለመልቲፕል ማይሎማ ደግሞ ቢሲኤምኤ የተባለውን ምልክት የሚያጠቁ ሁለት ካር-ቲዎች በ2021 እና በ2022 ተፈቅደዋል። ከሁለቱ በኋለኛው፣ ብዙ ሕክምና ሞክረው ያልተሳካላቸው 97 ታካሚዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ 32ቱ አንድ ጊዜ ብቻ ታክመው ከአምስት ዓመት በኋላም በሽታው ሳይመለስባቸው መገኘታቸው በ2025 ተገልጿል። በማይሎማ ላይ እንዲህ ያለ ውጤት ከዚያ በፊት አይታሰብም ነበር።

ጉዳቱም የዚያኑ ያህል ነው። ብዛት ያላቸው ቲ-ሴሎች በአንድ ጊዜ ሲቆጡ ከፍተኛ ትኩሳት፣ የደም ግፊት መውረድና የመተንፈስ ችግር የሚያመጣ የኬሚካል ማዕበል ይፈጠራል፤ በአንዳንዶች ላይም ግራ መጋባት፣ የንግግር መጥፋትና መንቀጥቀጥ ይከተላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በጥር 2024፣ ከተሰጡት ቲ-ሴሎች አዲስ ካንሰር ሊነሳ እንደሚችል የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቶቹ ላይ እንዲሰፍር አዟል፤ ጥቅማቸው ከጉዳታቸው እንደሚበልጥ ግን በዚያው አረጋግጧል።

በሁለቱ መንገዶች ደጋፊዎች መካከል ያለው ክርክር እውነተኛ ነው። ካር-ቲ ኃይለኛ ቢሆንም የሚያየው አንድ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ካንሰሩ ያንን ምልክት ጥሎ ማምለጥ ይችላል። የመቅኔ ቲ-ሴሎች ግን እያንዳንዳቸው የተለያየ አንቲጅን የሚያውቁ ብዙ ሕዋሳት ስብስብ ስለሆኑ ማምለጡ ይከብዳል፤ የማስታወስ ባሕርይ ስላላቸውም በሰውነት ውስጥ ረጅም ዕድሜ ሊኖራቸው ይችላል። በሌላ በኩል የካር-ቲ ወገን የሆኑት፣ ተፈጥሯዊው ሕዋስ ቀድሞውንም የተሸነፈ መሆኑን ያስታውሳሉ፤ በቤተ ሙከራ ለጥቂት ቀናት መነቃቃቱ ድካሙን ለዘለቄታው እንደሚያስወግድ ማረጋገጫ ይጠይቃሉ። ለጊዜው ማስረጃው በግልጽ ወደ ካር-ቲ ያዘነብላል፤ ሆኖም የመቅኔው ሐሳብ የተዘጋ መዝገብ ነው ለማለት ያስቸግራል። ከዕጢ ውስጥ የሚወጡ ተፈጥሯዊ ሊምፎሳይቶችን የማብዛት ተመሳሳይ ሐሳብ፣ በስቲቨን ሮዘንበርግ መሪነት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ተጠንቶ፣ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በየካቲት 2024 ነው። ሦስት አሥርተ ዓመታት ከግማሽ ወስዷል።

ለኢትዮጵያ ይህ ምን ማለት ነው?

የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ግምት እንደሚያሳየው፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ 80 ሺህ ገደማ ሰዎች አዲስ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል። ቀዳሚዎቹ የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው፤ ሁለቱም በመቅኔ ሕዋስ የሚታከሙ አይደሉም። ሁለቱም በጊዜ ከተገኙ በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በመድኃኒት የመዳን ሰፊ ዕድል አላቸው፤ የማኅፀን በር ካንሰርን ደግሞ አገሪቱ በ2018 መጨረሻ በጀመረችው የኤችፒቪ ክትባት አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። ለረጅም ዓመታት ብቸኛው የጨረር ሕክምና ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆኖ በቆየባት አገር፣ ይህ አገልግሎት ወደ ጅማና ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት የጀመረው በቅርቡ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ባለሙያዎች ውስን ገንዘብ ለምርመራና ለጨረር ይዋል፤ የሕዋስ ሕክምና ይቆይ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ወደ ሕንድ፣ ወደ ታይላንድና ወደ ቱርክ የሚጓዙትን ታካሚዎች አስታውሰው፣ አቅሙ እዚሁ ካልተጀመረ መቼም አይፈጠርም ይላሉ።

ሁለቱ አቋሞች የሚመስለውን ያህል አይራራቁም። ንቅለ ተከላ የሚጠይቃቸው ነገሮች፣ ማለትም አስተማማኝ የፕላትሌት አቅርቦት ያለው የደም ባንክ፣ የኤችኤልኤ ቤተ ሙከራ፣ የደም ካንሰርን ዓይነት በትክክል የሚለይ ምርመራ፣ ከተላላፊ በሽታ የተጠበቀ ክፍልና የሠለጠኑ ነርሶች፣ ንቅለ ተከላ የማያደርገውንም የካንሰር ታካሚ የሚጠቅሙ ናቸው። ከሁሉም ቀላሉ መነሻ በመልቲፕል ማይሎማ ላይ የሚደረገው የራስ ግንድ ሕዋስ ንቅለ ተከላ ነው። ለጋሽ አያስፈልገውም፤ ግራፍት ቨርሰስ ሆስት የለውም፤ ሜልፋላንም ከሰውነት በፍጥነት ስለሚወገድ የተሰበሰቡት ሕዋሳት በውድ የፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዣ ሳይሆን በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በደም ባንክ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለጥቂት ቀናት መቆየት ይችላሉ። ሕንድንና የላቲን አሜሪካ አገሮችን ጨምሮ ብዙ ማዕከላት በዚህ መንገድ ይሠራሉ። ግብጽ፣ ቱኒዚያ፣ አልጄሪያ፣ ሞሮኮና ደቡብ አፍሪካም የራሳቸው የንቅለ ተከላ ልምድ አላቸው፤ ሐኪም ለማሠልጠን የግድ ወደ አውሮፓ መላክ አይጠበቅም።

ዋጋን በተመለከተ ደግሞ ሊታይ የሚገባው የሕንድ ተሞክሮ ነው። የቦምቤይ የቴክኖሎጂ ተቋምና የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል በጋራ ያዳበሩት ካር-ቲ በጥቅምት 2023 ፈቃድ አግኝቶ፣ ከአሜሪካው አሥር በመቶ በሚጠጋ ዋጋ፣ በ50 ሺህ ዶላር ገደማ መሸጥ ጀምሯል። ይህም ለአብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ የማይደረስበት ነው፤ ነገር ግን የዋጋው መናር ከሳይንሱ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ ያሳያል። ሕክምናው የተፈቀደው ለተወሰኑ የቢ-ሴል (ከሊምፎሳይት ወገን የሆነ ሌላ ነጭ የደም ሕዋስ) ሊምፎማና ሉኪሚያ ዓይነቶች ስለሆነ፣ የጉበት ወይም የጣፊያ (ፓንክሪያስ) ዕጢ ያለበት ሰው በዚህ ተስፋ ወደ ሙምባይ ቢጓዝ የሚጠብቀው ነገር የለም።

በስማቸው የሚነግዱ ክሊኒኮች

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ ለአንድ ሌላ ገበያ ስም ሆኗል። በተለያዩ አገሮች የሚገኙ የግል ክሊኒኮች ከመቅኔ ወይም ከስብ የሚወጡ ሕዋሳትን ምንም ፈቃድ ሳይኖራቸው ለካንሰር፣ ለኦቲዝምና ለሽባነት ይሸጣሉ፤ የአሜሪካው ባለሥልጣን ባልተፈቀዱ የስቴም ሴል ምርቶች ላይ በተደጋጋሚ ሲያስጠነቅቅ ቆይቷል። መለያቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ለሁሉም በሽታ አንድ ዓይነት መርፌ። እውነተኛው የሕዋስ ሕክምና ግን ጠባብ ነው፤ የካንሰሩን ዓይነት፣ ደረጃና የቀደመ ሕክምና ሳያጣራ ቀጠሮ አይሰጥም።

ወደ ውጭ ለመታከም የሚዘጋጅ ቤተሰብ ከሐኪሙ ሊጠይቅ የሚገባው የሕክምናውን ስም ብቻ አይደለም። ለዚህ የካንሰር ዓይነት ፈቃድ ያለው ሕክምና ነው ወይስ ገና ሙከራ? ሙከራ ከሆነ በይፋዊ የሙከራ መዝገብ ላይ ቁጥሩ ስንት ነው፣ ታካሚውስ ለምን ይከፍላል? ሕዋሱ ከታካሚው ነው ወይስ ከለጋሽ፣ ከለጋሽ ከሆነ የኤችኤልኤ ምርመራው የት ይሠራል? የተነገረው ዋጋ የሕዋሱን ብቻ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ በሆስፒታሉ አቅራቢያ ለመቆየት የሚያስፈልጉትን ሳምንታትና ወራት፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍሉንና የኢንፌክሽን መድኃኒቶቹን ይጨምራል? ታካሚው ወደ አገር ቤት ሲመለስ ትኩሳት ቢነሳበት የሚቀበለው ሐኪም ማን ነው፣ የሕክምናው ማጠቃለያስ በጽሑፍ ይሰጠዋል? ከነዚህ ለአንዱ እንኳን ግልጽ መልስ የማይሰጥ ክሊኒክ፣ ቅድመ ክፍያ ሊቀበል አይገባውም።